እህቴ ስንት ሰዓት ታርፋለች? ከአዳማ ሆኖ የርካሽ በረራን መከታተያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሳሁት። ታናሽ እህቴ ናት።

«የት ናችሁ?» አለችኝ።

«ቤት ነን። አንቺስ? ልትሳፈሪ ነው?»

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ሌሊት 7 ሰዓት ገብቻለሁ እኮ። ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነጋ» አለችኝ።

እማዬ ጓዳ ውስጥ የድፎውን ሊጥ እያቦካች ነበር። «ማታ ነው የምትመጣው» ስላልኳት ተረጋግታ ነው የያዘችው። ሊጥ በእጇ እንዳለ ወጥታ ፊቴን አየችው። ምንም አላለችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

የተሳሳትኩት ተራ ነገር ነው። እህቴ ከዱባይ የላከችልኝ ሙሉ ትኬቱን አይደለም። የመድረሻውን መስመር ብቻ ቆርጣ ነው የላከችው። «ቅዳሜ 01:15» ይላል። 01:15 በኛ ሌሊት 7:15 መሆኑ አልጠፋኝም። ስለዚህ ቅዳሜ ሌሊት ብዬ ያዝኩ። እሷ ግን የገባችው ዓርብ ሌሊት ነው፣ ለቅዳሜ አጥቢያ።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የበረራ ተከታታይ እኔ ሆኛለሁ። ቅጣት ይሁን ሹመት ለይቼ አላውቅም። እትዬን ከኩዌት፣ የጎረቤታችንን ልጅ ከሪያድ፣ እህቴን ራሷን ሁለተኛ ጊዜ ተቀብያለሁ። በስልክ ላይ ያሉትን መንገዶች ሁሉ ሞክሬያቸዋለሁ። የትኛው ለምን እንደሚበጅ ላካፍላችሁ።

ይሄ ለአዳማ ሰው የተለየ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው «አረፍኩ» ሲባል ጫማውን አድርጎ ይወጣል። እኛ ያን ስንሰማ ከወጣን እንግዳዋ ብርድ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። አዳማ ኤርፖርት የላትም። ቦሌ የሚባል ክፍለ ከተማ አላት፣ አውሮፕላን ግን አያርፍበትም። በቢሾፍቱ በኩል የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ሲያልቅ ለኛ መንገዱ በግማሽ ያጥራል። እስከዚያው ግን ወደ ቦሌ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን

የመከታተያ መተግበሪያ ከማውረዳችሁ በፊት ይሄን ጨርሱ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

የአየር መንገድ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። በመሃል ስድስት ሰዓት አለ፣ ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12። በእነዚያ ስድስት ሰዓታት የሚያርፍ በረራ ሁሉ ወጥመድ ነው። ትኬቱ ቅዳሜ ገብቷል። እኛ ገና ዓርብ ሌሊት ላይ ነን።

ቅየራው እንዲህ ነው። ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ትቀንሳላችሁ፤ 14:20 ከሰዓት 8:20 ይሆናል። ከ19:00 ጀምሮ 18 ትቀንሳላችሁ፤ 21:40 ማታ 3:40 ነው። ከ00:00 እስከ 06:59 ደግሞ 6 ትደምራላችሁ። ከ06:00 በፊት ከሆነ ግን መደመሩ ብቻ አይበቃም። ቀኑንም አንድ ወደ ኋላ መልሱ። የቅዳሜ 01:15 የዓርብ ሌሊት 7:15 ነው።

ለሾፌርና ለቤተሰብ ስትናገሩ «ቅዳሜ ሌሊት» የሚለውን ቃል እርሱት። «ለቅዳሜ አጥቢያ» በሉ። አባቶቻችን ይሄን ቃል ያቆዩልን ያለ ምክንያት አይደለም። እሱም ካልተማመናችሁበት «ዓርብ ማታ ራት በልተን የምንነሳው» በሉ። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የምለው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ምንጊዜም የየከተማው ሰዓት ነው። መነሻው የዱባይ፣ መድረሻው የአዲስ አበባ። ዱባይ ከኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ሪያድና ኩዌት ከኛ ጋር እኩል ናቸው። ሁለተኛ፣ ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ ትንሽ «+1» ካያችሁ በማግስቱ ነው የሚገባው ማለት ነው። እህቴ የላከችው ቁራጭ ላይ ግን ያ ምልክት አልነበረም። ሙሉውን ትኬት አስልኩ።

ከዚያ ቁጥሩን

«በኤምሬትስ ነው የምመጣው» የሚል መልእክት ለመከታተል አይበቃም። የሚያስፈልጋችሁ የበረራ ቁጥሩ ነው። ሁለት ፊደል ወይም አንድ ፊደልና አንድ አሃዝ፣ ከዚያ የበረራው አሃዝ። ከርካሾቹ ፍላይዱባይ «ኤፍዜድ» ብሎ ይጀምራል። ኤር አረቢያ «ጂ9» ነው። የሳዑዲው ፍላይናስ «ኤክስዋይ» ይላል። የኛው ኢትዮጵያ «ኢቲ» ነው። ስትፈልጉ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት።

እዚህ ጋ አንድ ጉድ አለ። ኤምሬትስና ፍላይዱባይ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ትኬት ይጋራሉ። ስለዚህ ትኬቱ ላይ «ኢኬ» የሚል የኤምሬትስ ቁጥር ኖሮ አውሮፕላኑ የፍላይዱባይ ሊሆን ይችላል። ከቁጥሩ ስር በትንሽ ጽሑፍ «ኦፐሬትድ ባይ ፍላይዱባይ» ይላል። ኤምሬትስ ራሱም ወደ አዲስ አበባ ይበርራል። ስለዚህ «የዱባዩ ኤምሬትስ አርፏል» ብላችሁ ብትደሰቱ፣ ያረፈው እህታችሁ የሌለችበት ሊሆን ይችላል። ካርታ ላይ ስትከታተሉ የሚያዋጣችሁ አውሮፕላኑን የሚያበርረው ድርጅት ቁጥር ነው።

በትራንዚት የምትመጣ ከሆነ ቁጥሩ ሁለት ነው። እትዬ ከኩዌት በዱባይ በኩል ስትመጣ የሰጠችኝ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ተከታተልኩ፣ በሰዓቱ አረፈ፣ ደስ አለኝ። ያረፈው ግን ዱባይ ነው። አዲስ አበባ የሚገባው ሌላ ቁጥር ያለው ሌላ አውሮፕላን ነው። ሁለቱንም ጠይቁ። ዋናው የመጨረሻው ነው። የመጀመሪያውን የምታዩት ለሁለተኛው መድረስ አለመድረሷን ለማወቅ ብቻ ነው።

ርካሹ በምን ይለያል?

አውሮፕላኑ ያው አውሮፕላን ነው፣ ደህንነቱም እንደዚያው። የሚለየው አሠራሩ ነው። ርካሽ አየር መንገድ ገንዘብ የሚቆጥበው አውሮፕላኑ መሬት ላይ እንዳይውል በማድረግ ነው። አንዱ አውሮፕላን ሄዶ ተመልሶ፣ ትንሽ ቆሞ፣ እንደገና ይነሳል። እንደ ከተማ ታክሲ አስቡት። ጠዋት አንድ ቦታ 40 ደቂቃ ከዘገየ፣ ያ መዘግየት ማታ እናንተ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ የእንግዳችሁን በረራ ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑ ከዚያ በፊት የት እንደነበር ማየት ይጠቅማል። አንዳንዱ መከታተያ ይሄን ያሳያል፣ አንዳንዱ አያሳይም። ለእኔ የመምረጫው አንዱ መስፈርት ይሄ ነው።

ሌላው፣ ሰዓት ሲቀየር ድርጅቱ የሚያሳውቀው ትኬቱ ሲቆረጥ ወደተመዘገበው ስልክና ኢሜይል ነው። የኛ ልጆች ትኬት ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በኤጀንሲ ወይም በአሠሪዎቻቸው ነው። መልእክቱ እነሱ ጋ ሄዶ ይቀራል። ልጅቷም አታውቅ፣ እናንተም አታውቁ። ትኬት ሲቆረጥ «የእኔን ስልክ አስገቡልኝ» ማለት ምንም ወጪ የለውም። ከመከታተያዎቹ ሁሉ ይሄ አንድ መልእክት ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ ምርጫዎቹ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ጉግል ላይ ነው። እኔም እዚያ እጀምራለሁ። የበረራ ቁጥሩን ብቻ ጻፉና ፈልጉ። የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፣ ተርሚናል፣ ዘግይቶ ከሆነ ስንት ደቂቃ እንደዘገየ በአንድ ካርድ ላይ ያወጣላችኋል። ምንም ማውረድ የለም። ብዙ ዳታ አይበላም። ኔትወርኩ ሲያዘግም እንኳ ይከፈታል። ጉድለቱ ቀኑ ላይ ነው። ተመሳሳይ ቁጥር ያለው በረራ ዕለት ተዕለት ስለሚኖር አንዳንዴ የትናንቱን «አርፏል» ብሎ ያሳያችኋል። ከላይ ያለውን ቀን ሳታዩ ለማንም እንዳትናገሩ። አንድ ጊዜ እማዬን በትናንት በረራ እልል አስብያታለሁ።

የአየር መንገዱ የራሱ ድረ ገጽ ሁለተኛው ነው። «ፍላይት ስታተስ» የሚል ቦታ አለው። መልኩ አይማርክም፣ ካርታም የለውም። ግን በረራው ከተሰረዘ ወይም ወደ ሌላ ቀን ከተገፋ መጀመሪያ የሚያውቀው ድርጅቱ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ የሚቀበል ነው። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊትና በዋዜማው ማየት ያለባችሁ እዚህ ነው። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የትኬት መለያና ትኬቱ ላይ ያለው የመጨረሻ ስም («ላስት ኔም») ካላችሁ ደግሞ «ማኔጅ ቡኪንግ» ውስጥ ገብታችሁ የእሷን ጉዞ ራሱን ማየት ትችላላችሁ። ስንት ኪሎ ሻንጣ እንደተገዛላት ሳይቀር።

ያ መለያ ግን ቁልፍ ነው። የያዘው ሰው ሁሉ ገብቶ ጉዞውን መነካካት ይችላል። «እህቴ ልትመጣ ነው፣ ተመስገን» ብሎ የትኬት ፎቶ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ሰው አይቼ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ደስታውን ለጥፉ፣ ትኬቱን ደብቁ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ፍላይትራዳር24።

ይሄ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2006 ስዊድን ውስጥ ሁለት የአውሮፕላን ፍቅር ያለባቸው ሰዎች የጀመሩት ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። አውሮፕላን እየበረረ ያለበትን ቦታ፣ ከፍታና ፍጥነት ራሱ በሬዲዮ ያሰራጫል። ያንን የሚይዝ ትንሽ መቀበያ ጣራቸው ላይ የሰቀሉ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አሉ። መቀበያዎቹ የያዙትን ወደ አንድ ቦታ ይልካሉ፣ ካርታው ላይ ቢጫ አውሮፕላን ሆኖ ይታያል። የመተግበሪያው ነፃው ክፍል ለኛ ጉዳይ ከበቂ በላይ ነው። ገንዘብ እንዳትከፍሉ።

የሚበልጠው በምንድን ነው? የሆነውን ነው የሚነግራችሁ። ትኬት የታቀደውን ይናገራል፣ ጉግል የተባለውን ይናገራል፣ ይሄኛው አውሮፕላኑ በትክክል መቼ ከመሬት እንደተነሳ ያሳያችኋል። ለአዳማ ሰው ወርቅ የሆነችው ያቺ ደቂቃ ናት። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እናገራለሁ።

አውሮፕላኑን ስትነኩት መለያው ይወጣል። «ኤ6» ብሎ የሚጀምር የኤምሬቶች ነው፣ «ኤችዜድ» የሳዑዲ፣ «ኢቲ» የኛ። መለያውን ከነካችሁ አውሮፕላኑ በዕለቱ የት የት እንደበረረ ዝርዝሩ ይከፈታል። ከላይ ያልኩት የታክሲ ነገር እዚህ ይታያል። ማታ 3 ሰዓት ከዱባይ ይነሳል የተባለው አውሮፕላን ማታ 2 ሰዓት ላይ ገና ሌላ አገር ሰማይ ላይ ካለ፣ ማንም ሳይነግራችሁ መዘግየቱን አውቃችኋል። ተመልሳችሁ ጋደም በሉ።

ጉድለት አለው። መጀመሪያ ነገር፣ መቀበያ በሌለበት አካባቢ አውሮፕላኑ ይጠፋል ወይም በግምት ይሳላል። እህቴ ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ከጎኔ ተቀምጣለች። ቢጫዋ አውሮፕላን ቀጥ ብላ ስትሄድ ቆይታ ድንገት ከካርታው ላይ የለችም። እማዬ «ወይኔ ልጄን!» ብላ ተነሳች። ስልኩን ነጥቄ «እማዬ፣ ኔትወርክ ነው፣ ኔትወርክ ነው» ስል እኔም እጄ ይንቀጠቀጣል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሳ ታየች። ስለዚህ ይሄን አስቀድማችሁ ለቤተሰብ ንገሩ። የጠፋው ምልክቱ ነው፣ አውሮፕላኑ አይደለም። የምትጨነቅ እናት ካለች ደግሞ ካርታውን ባታሳዩአት ነው የምለው። እኔ ግን ማሳየት ጀምሬ ማቆም አልቻልኩም።

ሌላው፣ በአየር ላይ የሚጠቀምበት መጠሪያ ትኬቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ላይመሳሰል ይችላል። «ኤፍዜድ» የነበረው «ኤፍዲቢ» ሆኖ፣ ከኋላውም ሌላ ፊደል ተቀላቅሎበት ብታዩት አትደንግጡ። በትኬቱ ቁጥር ፈልጉት፣ ራሱ ያገናኛችኋል። ካርታው ዳታም ይበላል። አንዴ አይታችሁ ዝጉት፣ አራት ሰዓት ሙሉ አፍጥጦ ማየት አውሮፕላኑን አያፈጥነውም።

ፍላይትአዌር የሚባለው ደግሞ የአሜሪካ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያለ። ከፍላይትራዳር ጋር ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል። ለኛ የሚጠቅም ሁለት ነገር አለው። አንዱ፣ አውሮፕላኑ አሁን ከየት እየመጣ እንደሆነ በአንድ ንክኪ ያሳያል፣ መለያ መፈለግ የለባችሁም። ሁለተኛ፣ አካውንት ከከፈታችሁ ሲነሳና ሲያርፍ ራሱ ማሳሰቢያ ይልክላችኋል። እንቅልፍ ለሚያሸንፈው ሰው ጥሩ ነው። ካርታ ለማየት ግን እኔ ፍላይትራዳርን እመርጣለሁ። ሁለቱንም መጫን ትርፉ ስልክ ማጨናነቅ ነው።

የኤርፖርት ሰሌዳዎችም በኢንተርኔት ይታያሉ። የመነሻውን ኤርፖርት ማየት ለመነሳቱ ይጠቅማል። ከዚያ በላይ አልተጠቀምኩባቸውም።

ሰው መጠየቅስ? አዲስ አበባ ያለ የአጎት ልጅ፣ ኤጀንሲው፣ ቦሌ የሚመላለስ ሾፌር። ሾፌሩ ባለሙያ ነው፣ መንገዱን ያውቃል። በረራ ግን አያውቅም። «አይዞህ፣ የዱባዩ ሁሌ ይዘገያል» ይላችኋል። እሱ «ሁሌ ይዘገያል» ያለው አንድ ቀን በሰዓቱ ቢገባ ብርድ ላይ የምትቆመው እንግዳዋ ናት፣ እሱ አይደለም።

ከማንኛውም መተግበሪያ የሚበልጥ ግን አንድ ሰው አለ። እንግዳዋ ራሷ። ካርታው አውሮፕላኑ መነሳቱን ይነግራችኋል እንጂ እሷ ውስጡ መሆኗን አይነግራችሁም። ወረቀቷ ተጓድሎ ወይም ለትራንዚቱ ሳትደርስ ብትቀር ቢጫዋ አውሮፕላን ያለ እሷም ትመጣለች። ስለዚህ አንዲት መልእክት አስለምዷት። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ «ተሳፈርኩ» ትበል። ሌላ ምንም አትጻፍ። ከዱባይ በዋትስአፕ መደወል ስለማይሠራ ብዙዎቹ ቦቲም ነው የሚጠቀሙት። የዋትስአፕና የቴሌግራም ጽሑፍ ግን ይደርሳል።

ከወረደች በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የዱባዩ ሲም እዚህ ላይሠራ ይችላል፣ የኢትዮጵያ ሲም ደግሞ የላትም። እህቴ ያን ሌሊት ያልደወለችው ለዚህ ነው። ቁጥራችንን በስልኳ ውስጥ እንጂ በቃሏ አታውቀውም ነበር፣ ስልኳ ደግሞ ባትሪው አልቋል። ሲነጋ ቻርጅ ያደረገላትና ስልኩን ያዋሳት አንድ የጽዳት ሠራተኛ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋ ፓስፖርቷ ውስጥ ታስቀምጥ። የድሮ ዘዴ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም።

ታዲያ የቱን ልያዝ?

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ፍላይትራዳር24 እላለሁ። ግን ሁሉም የየራሱ ሰዓት አለው። በዋዜማው የአየር መንገዱ ገጽ። በዕለቱ ቀን ላይ ጉግል፣ አንድ ሁለት ጊዜ። መነሻው ሲቃረብ ፍላይትራዳር። ከዚያ የእሷ «ተሳፈርኩ»። ስልኩ መተግበሪያ የማይጭንለት ወይም ካርታ የማይወድ ሰው ጉግልና የእሷ መልእክት ብቻ ቢኖሩት ይበቁታል። ብዙ መተግበሪያ የሚከፍት ሰው አንዱ 7:10 አንዱ 7:25 ሲለው ነው የሚጨነቀው። አሥራ አምስት ደቂቃ ለኛ ምንም አይደለም።

ስክሪኑ ላይ ስለሚወጡት ቃላት ትንሽ። «ስኬጁልድ» የታቀደው ነው፣ እንደ ተስፋ ያዙት። «ኢስቲሜትድ» የአሁኑ ግምት ነው፣ የምትነሱት በዚህ ነው። «ዲሌይድ» ዘግይቷል። «ካንስልድ» ተሰርዟል፣ ያኔ በቀጥታ ወደ አየር መንገዱ። «ዳይቨርትድ» ካለ ሌላ ኤርፖርት ሄዷል፣ ብዙ ጊዜ በአየር ጠባይ ምክንያት ነው፤ ሲሻሻል ይመለሳል፣ ከቤት አትነሱ። «ላንድድ» አርፏል ማለት ነው፣ ወጥታለች ማለት ግን አይደለም።

ከአዳማ መቼ ልነሳ?

እዚህ ጋ ነው ያቺ የመነሻ ደቂቃ የምትጠቅመው። ከዱባይ አዲስ አበባ በረራው ወደ አራት ሰዓት ነው። ካረፈች በኋላ ፓስፖርት፣ ሻንጣ፣ ጉምሩክ ሲባል በእኔ ልምድ ከአንድ ሰዓት አያንስም። ሻንጣ ከበዛ ወይም አብረው ያረፉ በረራዎች ካሉ ሁለትም ይሆናል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከተነሳ እሷ በር ላይ እስክትታይ አምስት ሰዓት ገደማ አላችሁ።

ፈጣን መንገዱ እስከ ቱሉ ዲምቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት ቤት ለቤት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቀን ከሆነ መንገዱን ትጨርሱና ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ቦሌ ለመድረስ ያለው ጭንቅንቅ ከሰማንያ አምስቱ ኪሎ ሜትር ይብሳል። ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያዙ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለሌሊት በረራ አውሮፕላኑ ከዱባይ ከተነሳ ከሦስት ሰዓት በኋላ ከአዳማ ውጡ። ለቀን በረራ ከሁለት ሰዓት በኋላ። እህቴ ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ አውሮፕላኑ በኛ ማታ 3:40 ተነሳ። ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ማለት ነው። ያለ ካርታው ብሆን በትኬቱ ሰዓት ወጥቼ ግማሽ ሰዓት ፓርኪንግ እከፍል ነበር። ሌሊት 6:40 ከአዳማ ፍራንኮ ሰፈር ተነሳን። 8:10 ቦሌ ደረስን። 8:35 ጋሪዋን እየገፋች ወጣች።

ከሪያድ ወይም ከጅዳ ከሆነ በረራው አጠር ይላል፤ ከሪያድ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከጅዳ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ያኔ ሌሊት ከሆነ ከተነሳ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ባለው ውጡ፣ ቀን ከሆነ ከዚያም ቀደም በሉ።

የሌሊት መንገድ የማይወድ ሰው አለ፣ እኔም አልፈርድበትም። ያ ከሆነ በጊዜ ገብታችሁ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ጋደም ብሎ በካርታው መነሳት ይሻላል። ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በራይድ ወይም «ፈረስ» በሚባለው የጥሪ ታክሲ ይቀበላት፣ እናንተ ጠዋት ሂዱ። ራይድ በ8294 ይደወላል። ከአዳማ ኮንትራት መኪና ይዞ አራት ሰዓት ፓርኪንግ ውስጥ ማስቆም ግን ከሁሉም ይወደዳል። ሾፌሩ የመጠበቂያ ይጠይቃል፣ ልክም ነው።

የመገናኛ ቦታችሁን ከመሳፈሯ በፊት ተነጋገሩ። «ቦሌ እንገናኝ» ምንም ማለት አይደለም። ተቀባይ የሚጠብቀው ከውጭ ነው፣ ሌሊት ሁሉም ሰው ጋቢ ለብሶ አንድ ይመስላል። «ከበሩ ወጥተሽ እዚያው ቁሚ፣ ማንም ሻንጣሽን እንዳይነካ፣ እኛ እንመጣለን» በሉአት። እንግዳዋ ከምትንከራተት እናንተ ብትንከራተቱ ይሻላል።

እማዬ አሁን ዘዴውን ከእኔ በላይ ይዛዋለች። አራት ሰዓት በሰማይ፣ አንድ ሰዓት ለሻንጣ፣ ሁለት ሰዓት ለመመለሻ። ሰባት ሰዓት። ሊጡ በዚያ ውስጥ ኩፍ ብሎ ይጋገራል። ባለፈው የጎረቤታችን ልጅ ስትመጣ ዱቄቱን ፊቷ አስቀምጣ መነጽሯን አደረገችና ስልኬን ተቀበለችኝ። «ተነስቷል?» አለች። «ገና ነው» አልኳት። ዱቄቱን መልሳ ከደነችው።